ያላደረግኩት በጎ ሥራ

ሜይ 12፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የሰጠችኝ የትምህርት ቤታችን አማካሪ ናት። "የሚሰማህን ሁሉ ጻፍበት፤ ማንም አያነበውም" አለችኝ። ማንም አያነበውም የሚል ሰው ማንበብን አንድ ጊዜ አስቦበታል ማለት ነው። ስለዚህ የሚሰማኝን ትቼ የሆነውን ብቻ እጽፋለሁ። የማስቀምጠውም በአሮጌው የሩዝ ማብሰያ ካርቶን ውስጥ ነው። እዚያ ማንም እጁን አይከትም።

የሆነው ይህ ነው። ስሜ ታክ ሃንሶል ነው፤ ሦስተኛ ዓመት ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ጋራም ማርች ላይ እኛው ትምህርት ቤት አንደኛ ዓመት ገባ። ኤፕሪል ሲጀምር ከዓሣ ገበያው ጀርባ ወደ ኋላ የሚሄድ የጭነት መኪና ገጨው። ሾፌሩ አላየሁትም አለ። ጋራም አጭር ነበር፤ እውነቱን ሊሆን ይችላል።

ከለቅሶው በኋላ በተመለስኩበት ሳምንት ምሳ ሰዓት ላይ ቴዩልን፣ የክፍሌን ልጅ፣ በምግብ ትሪ ቅንድቡ ላይ መታሁት። ተሰፋ። በትንሽ ጠርሙስ ከሚታደለው እርጎ ሁለት አንስቼ ነበር፤ እሱ ከኋላዬ ወረፋ ይዞ "ሁለተኛው ለማን ነው?" አለኝ። ሌላ ቃል አልወጣውም። ግን ድምፁን የሰማሁት እኔ ነኝ።

የዲሲፕሊን ኮሚቴው በጁን መጨረሻ ይሰበሰባል። "ሌላ ትምህርት ቤት ይዛወር" ካሉ አባቴ ሁላችንም ጠቅልለን ዴጆን ከተማ አጎቴ ዘንድ እንሄዳለን ይላል። ጠቅልለን ማለት የጋራምን ክፍልም ማለት ነው። እናቴ በሩን ዘግታዋለች፤ ማንንም አታስገባም፤ ራሷም አትገባም። ስለዚህ እስከዚያ ድረስ ድምፄ መሰማት የለበትም። በቃ።

ሜይ 13፣ ማክሰኞ

የክፍላችን ኃላፊ መምህርት ባንግ በአበባ ወረቀት የተጠቀለለ ሳጥን ይዛ ገባች። ገና ወጣት ናት፤ አዲስ ነገር ስትጀምር ጆሮዋ ይቀላል።

"ከዛሬ ጀምሮ ጥፋት ብቻ አንቆጥርም" አለች። "አንድ ሰው በጎ ነገር ካደረገላችሁ፣ ወይም ሲያደርግ ካያችሁ፣ በወረቀት ጽፋችሁ እዚህ ትከታላችሁ። የጻፈው ሰው ስም አይጠየቅም። አርብ አርብ እኔ አነባለሁ። ለተመሰገነው አንድ አረንጓዴ ነጥብ። ብዙ ነጥብ ያገኘ ክፍል በሰመስተሩ መጨረሻ የዶሮ ጥብስ ይጋበዛል።"

"ቲቸር፣ ራስን ማመስገን ይቻላል?" አለ አንዱ ከኋላ።

"አይቻልም።"

"ጓደኛዬ እኔን፣ እኔ ጓደኛዬንስ?"

"አንተን የሚያመሰግን ጓደኛ ካገኘህ ዶሮውን እኔ በኪሴ እገዛልሃለሁ።"

ሁሉም ሳቀ። ቴዩልም ሳቀ፤ ቅንድቡ ላይ ያለው ፕላስተር አብሮ ተነሳ። ወደ እኔ ግን አላየም። ሆነ ብሎ ነው ያላየው።

ከሰዓት በኋላ ወዲያው ጀመሩ። ትናንት ወረፋ ሲጋፋ የነበረው ዛሬ በር ይዞ ቆሟል። በር ይዞ ሲቆም ደግሞ ማን እንዳየው ዙሪያውን ይቃኛል። ዶሮ እንዲህ የሰው ጸባይ የሚያሳምር ከሆነ ቀደም ብለው ማረድ ነበረባቸው።

ሜይ 14፣ ረቡዕ

ዝናብ። ጃንጥላዬ ጠፋ። ጠዋት ይዤው ወጥቻለሁ፤ ስመለስ የለም። ተሰርቋል። የበጎ ሥራ ሳጥን በተተከለ ማግስት ሌባ ገባ። ርሼ ቤት ደረስኩ። እናቴ ፎጣ ወረወረችልኝ እንጂ ምንም አልጠየቀችኝም።

ሜይ 16፣ አርብ

እስክሪብቶው ወረቀቱን ቀደደው። ንዴት ነው።

መምህርት ባንግ ወረቀቶቹን አነበበች። እገሌ ሰሌዳ ጠረገ፣ እገሊት እስክሪብቶ አዋሰች። ከዚያ፦ "ታክ ሃንሶል ዝናብ ሲዘንብ ጃንጥላውን ሰጥቶ እሱ እየረሰ ሄደ።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ የክፍል አለቃዋ ሶዳም ማጨብጨብ ጀመረች፤ ሌሎቹም ተከተሉ። መምህርቷ እንደ በሽተኛ አየችኝ፤ ዓይኗን አለስልሳ።

እኔ ለማንም ጃንጥላ አልሰጠሁም። የእኔ ተሰርቋል። ይህን የጻፈው ሰው ጃንጥላ እንደሌለኝ ያውቃል። ጃንጥላ እንደሌለኝ የሚያውቅ ደግሞ የወሰደው ነው።

ይህን ሁሉ አውቄ አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ነጥቡን ተቀበልኩ። ሌባው ሌላ ሰው ሆኖ ሳለ የሌባ ስሜት የተሰማኝ እኔ ነኝ።

ሜይ 19፣ ሰኞ

ማን ሊሆን ይችላል?

መምህርት ባንግ ራሷ ልትሆን ትችላለች። ለኮሚቴው "ተሻሽሏል" ለማለት ማስረጃ ያስፈልጋታል። ለእኔ ብላ ነው ልበል? ከክፍሏ ልጅ ቢባረር ስሟ ነው የሚነሳው።

ሶዳም ልትሆን ትችላለች። ለዶሮው።

ቴዩል ሊሆን ይችላል። ይህ ነው የሚያስፈራኝ። ዛሬ ያስመሰግነኛል፤ ነገ ኮሚቴው ፊት "ሁሉም ውሸት ነው፤ ራሱ ነው የሚጽፈው" ይላል።

ሶዳም ዛሬ "ለምንድነው ሁሌ በአንደኛ ዓመቶቹ ደረጃ የምትወጣው? የእኛ ክፍል በዚያኛው በኩል ነው" አለችኝ። በዚህኛው ሰው አይበዛም አልኳት። ለምን ጠየቀችኝ? የምሄድበትን ለምን ትከታተላለች?

ሜይ 21፣ ረቡዕ

አርፍጄ ገባሁ። አንደኛ ዓመቶቹ ደረጃውን ሞልተውት አያሳልፉም። የጫማ መደርደሪያው ጋ ደግሞ ማሰሪያቸውን ሳያስሩ ይሮጣሉ፤ ወድቀው አፍንጫቸውን እስኪሰብሩ። እናት የላቸውም እንዴ? ጉልበቴ በአቧራ ነጭ ሆኖ ክፍል ገባሁና ተሳቀብኝ። ቀይ ነጥብ ለማርፈድ።

ሜይ 23፣ አርብ

ዛሬ ሁለት ጊዜ ተነበብኩ።

"ታክ ሃንሶል የጫማ ማሰሪያ አሰረ። ትወድቃለህ አለ።"

"ታክ ሃንሶል አንደኛ ዓመቶች ሲጋፉ መሐል ገብቶ ትንሹን ልጅ በግድግዳው በኩል አሳለፈው።"

"የጫማ ሐኪሙ ሃንሶል!" ብሎ ጮኸ አንዱ። "የእኔም ሸታለች፣ ትታይልኝ?"

"አንተ ጫማህ ሳይሆን እግርህ ነው" አለችው ሶዳም። ከዚያ ሰሌዳው ላይ ቆጠረችና "በሃንሶል ምክንያት ሁለተኛ ወጥተናል!" አለች። የማያናግሩኝ ሁሉ ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ክፍሉ ሲወጣ ቀረሁ።

"ቲቸር፣ ማን ነው የሚጽፈው?"

"ስም አይጠየቅም፤ ሕጉ እኮ ነው።"

"ውሸት ከሆነስ?"

ወረቀቶቹን ማስተካከል አቆመች። "ውሸት ነው እንዴ?"

ወለሉን አየሁ። አዎ ብል ነጥቡ ይጠፋል፤ ኮሚቴ አለ። አይደለም ብል ዋሸሁ።

"ሃንሶል፣ እስኪ ቀና በል" አለችኝ። "ደግ መሆን እኮ አያሳፍርም።"

እንዲህ የምትል ከሆነ እሷ ናት። ወይም እሷ አይደለችም፣ ግን ማን እንደሆነ ታውቃለች።

ሜይ 25፣ እሑድ

እናቴ የምትሠራበት የደረቀ ዓሣ መለያ ቤት ምሳዋን ይዤ ሄድኩ። ሴቶቹ ቁጭ ብለው ከትንንሾቹ ዓሦች ውስጥ የተሰበሩትን ይለቅማሉ፤ እጃቸው አያርፍም፤ አፋቸውም እንዲሁ። ድሮ እናቴን "የጋራም እናት" ነበር የሚሏት። ዛሬ አንዷ "የሃንሶል እናት፣ ልጅሽ መጣልሽ" አለች። ሌሎቹም ልክ እንደሷ አሉ። ተማክረዋል ማለት ነው። አንድ ቀን ቁጭ ብለው ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ እንበላት ተባብለዋል።

እናቴ "መጣህ?" አለችኝ። እጇ አላቆመም።

ሜይ 28፣ ረቡዕ

ግድግዳችን ስስ ነው።

አባቴ፦ "ቅዳሜ ሄደን ቤቱን እንየው። ማየት እኮ አይከፈልበትም።"

እናቴ፦ "ሂድ እየው።"

"እስከ መቼ ነው በሩን ዘግተሽ የምንኖረው? እኔስ መርከብ ፋብሪካ ስበይድ ውዬ ስገባ ያን በር ሳየው ምን የሚሰማኝ ይመስልሻል?"

እናቴ ሳህን ስታስቀምጥ ተሰማኝ። ከዚያ፦ "ልጁን ካባረሩት እንዳልከው ይሁን። ካላባረሩት ግን አንድ ካርቶን እዚህ ቤት እንዳላይ።"

ስለዚህ ነገሩ እኔ ላይ ነው። በሩ እንደተዘጋ የሚቆየው እኔ ጸባይ ካሳመርኩ ብቻ ነው።

ጁን 2፣ ሰኞ

የሥነ ሥርዓት ኃላፊው መምህር ጉክ ከመምህርት ባንግ ጋር በመምህራን ክፍል በር ላይ ቆመው ነበር። እኔ ከአምዱ ጀርባ ሆኜ ውሃ የምጠጣ መሰልኩ።

"ኮሚቴ ሲቃረብ ሁሉም መልአክ ይሆናል" አለ። "ይህን ያህል ዓመት አይቻለሁ። ወረቀቶቹን አሳይኝ።"

"ስም አይጠየቅም ብያቸዋለሁ።"

"ስም አልጠየቅኩሽም፤ አጻጻፉን ነው የማየው።" ወረቀት ሲገለጥ ተሰማኝ። "ይኸው። ይህ የሦስተኛ ዓመት ልጅ ጽሑፍ ነው? እንደ ሕፃን ሆነ ብሎ አበላሽቶ የጻፈው ነው። ራሱ ነው።"

"ሃንሶል እንዲህ አያደርግም።"

"በትሪ ይመታል ብለሽስ አስበሽ ታውቂያለሽ?"

ውሃው ትን አለኝ። ሮጬ ሄድኩ።

እንግዲህ አንድ ሰው በሕፃን አጻጻፍ ስሜን እየጻፈ ነው። ወጥመዱ ያሰብኩት ነው። ከኮሚቴው በፊት ካልያዝኩት አለቀልኝ።

ጁን 4፣ ረቡዕ

ሳጥኑን እየጠበቅኩ ነው። በዕረፍት ሰዓት ክፍል እቀራለሁ። ሶዳም "ምነው፣ አመመህ?" አለችኝ። የሶዳም ወረቀት ገባ። የሁለት ልጆች ገባ። ቴዩል ወደ ሳጥኑ አልቀረበም። ሲያየኝ ስለማይቀርብ ነው።

ጁን 9፣ ሰኞ

ቴዩልን ቆሻሻ የሚለይበት ቦታ ጋ ያዝኩት። እጄን ኪሴ ውስጥ አድርጌ ነው ያናገርኩት፤ እንዳልሳሳት።

"አንተ ነህ የምትጽፈው?"

"ምኑን?"

"ታውቃለህ ምኑን።"

"ያን ምስጋና?" ሳቀ፤ ከዚያ እኔ እንዳልሳቅኩ ሲያይ አቆመ። "አንተ ልጅ ጤና የለህም እንዴ? ቅንድቤን ፈንክተኸኝ ቁጭ ብዬ ምስጋና ልጽፍልህ?"

"እንድያዝ ነዋ።"

"እንድትያዝማ ብፈልግ ዝም ብዬ ነበር የምጠብቅህ። ራስህ ትበቃለህ።" ጠርሙሶቹን ወደ መያዣው ወረወረ። "ያን ቀን እኮ እርጎውን ለእኔ ትሰጠኛለህ ብዬ ነው የጠየቅኩህ። አንድ የሚበቃህ ልጅ ነበርክ። ሁሌ ትሰጠኝ ነበር። ረሳኸው?"

ዓይኑ ውሃ አቀረረ። ጎበዝ ውሸታም ነው። እንደዚህ የሚዋሽ ሰው አይቼ አላውቅም።

ጁን 11፣ ረቡዕ

በሩጫ። ሒሳብ ፈተና አለ። ደረጃው ላይ ቦርሳህን ዝጋ አልኩት፣ መጽሐፉ ሊወድቅ፣ አይሰማም፣ ሁሌም እንዲሁ ነው። እኔ መዝጋት አለብኝ። አረፈድኩ።

ጁን 13፣ አርብ

"ታክ ሃንሶል ቦርሳ ዘጋ።"

ይህችን ብቻ። ክፍሉ በሳቅ ሞተ። "ነገ ደግሞ 'ታክ ሃንሶል ተነፈሰ' ይመጣል!" መምህርት ባንግ ግን አልሳቀችም። ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየችው።

የማንን ቦርሳ? እኔ የማንንም ቦርሳ አልነካሁም።

አንደኛ ነን። ዶሮው እየሸተታቸው ነው።

ጁን 18፣ ረቡዕ

ያዝኩት! ግን አለቀልኝ።

በምሳ ሰዓት ክፍሉ ባዶ ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተና አንድ ልጅ ገባ። ቢጫ የስም መለያ ያደረገ። አንደኛ ዓመት! አንደኛ ዓመት በእኛ ፎቅ አይታይም። ታላላቆቹ ወዳሉበት ዝም ብሎ የሚወጣ ታናሽ የለም፤ መምህር ካላከው በቀር። ይሄ ግን እግሩን ሸብረክ አድርጎ ሳጥኑ ጋ ደረሰና ወረቀት ከኪሱ አወጣ።

ዘልዬ ወጥቼ ኮሌታውን ያዝኩት።

"ማን ነው የላከህ?"

ኮሌታውን እንደያዝኩት ዝቅ ብሎ እጅ ሊነሳኝ ሞከረ። "ደህና ዋሉ ጋሼ!"

"ማን ነው የላከህ አልኩህ! ቴዩል ነው? መምህርቷ ናት?"

"ይቅርታ ጋሼ።"

"ወረቀቱን አምጣ።"

ወረቀቱን አፉ ውስጥ ከተተው። እያየሁት አኝኮ ዋጠው። ዓይኑ ፈጦ፣ ጉንጩ አብጦ። ምንም የሚደብቀው የሌለው ሰው ወረቀት አይበላም!

በዚህ መሐል መምህር ጉክ በሩ ላይ ቆሟል። የኔ እጅ ኮሌታው ላይ። ልጁ አፉን ዘግቷል።

"በጣም ጥሩ" አለ መምህር ጉክ። "በጣም ጥሩ፣ ታክ ሃንሶል።"

ይህ ደግሞ ለብቻው ይታያል ተባልኩ። ደደብ። ደደብ። አንድ ወር ሙሉ እጄን ኪሴ ከትቼ ኖሬ፣ ሊያልቅ ሲል።

ጁን 19፣ ሐሙስ

አማካሪዋ "እየጻፍክ ነው?" አለችኝ። አዎ አልኳት። "ምን ትጽፋለህ?" አለች። ይኸው፣ እንዳልኩት።

መምህርት ባንግ ደግሞ ኮሪደር ላይ ያዘችኝ። "ኮሚቴው ፊት እኔ ልናገር፤ አንተ የተጠየቅከውን ብቻ መልስ። እሺ? አደራ።"

አደራ ያለችው እንዳልናገር ነው። ወስኛለሁ። እነሱ ውሸት ነው ብለው ሳይዙኝ ራሴ ውሸት ነው እላለሁ። ቢያንስ አጭበርባሪ አይሉኝም። ይዛወር ካሉም አጭበርብሮ ነው አይባልም።

እናቴ ግን ምን ትላለች? በሩስ?

ጁን 24፣ ማክሰኞ

ሁሉንም በተርታ ልጻፈው።

አባቴ ፈረቃ መቀየር አልቻለም። እናቴ ጥቁር ሱሪዋን ለብሳ መጣች፤ ለለቅሶው የለበሰችውን። እጇ የዓሣ ሽታ አለው፤ በአውቶቡስ ስንመጣ እጇን ጉያዋ ውስጥ ከትታ ነበር።

ረጅም ጠረጴዛ። ምክትል ርዕሰ መምህርቷ፣ መምህር ጉክ፣ ሁለት የወላጅ ተወካዮች። መምህርት ባንግ ተነስታ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አነበበች። ጃንጥላው። የጫማ ማሰሪያው። ቦርሳው። እያንዳንዱ ሲነበብ እናቴ ፊቷን ወደ እኔ ትመልሳለች። እንደማታውቀው ሰው ነው የምታየኝ።

ተነሳሁ።

"ውሸት ነው። አንዱንም አላደረግኩም። ማን እንደሚጽፈው አላውቅም፤ እኔ ግን አይደለሁም።"

መምህርት ባንግ ዓይኗን ጨፈነች። መምህር ጉክ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ራሱ ተናገረ። እንግዲህ ያንን ልጅ እንጥራው።"

ልጁ ገባ። መምህር ጉክ ስሙን ጠርቶት ነበር፤ ጆሮዬ ግን አልያዘውም። ትንሽ ነው። ዩኒፎርሙ የሚያድግበት ተብሎ የተገዛ ነው፤ እጅጌው ጣቱ ድረስ ይመጣል። ለእያንዳንዱ ሰው እጅ ነሳ፤ ለእኔም።

"ኮሌታህን ይዞ አንቆህ ነበር?"

"አዎ መምህር።"

"ጻፍልኝ ብሎ አስፈራርቶሃል?"

"ኧረ አይ መምህር። እኛ ነን የምንጽፈው።"

"እናንተ እነማን?"

"አንደኛ ዓመት፣ ምድብ አራት። እኛ ክፍል ያለው ሳጥን የሦስተኛ ዓመት ስም አይቀበልም ስለተባልን ነው ወደ ላይ የማመጣው። ዕጣ ወጥቶብኝ።"

አንደኛ ዓመት ምድብ አራት የጋራም ክፍል ነው።

"ታዲያ ወረቀቱን ለምን በላኸው?"

"የጻፈው ሰው አይታወቅ ተብሏል እኮ መምህር። ሕጉ ነው።"

ከወላጆቹ አንዱ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

ምክትሏ ወረቀቱን አነሳች። "ጃንጥላውን የተቀበለው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ።" ልጁ ወለሉን አየ። "ልመልስላቸው ፈልጌ ነበር። ግን ለእኔ የሰጡኝ አልመሰለኝም።"

"እንዴት?"

"ሲሰጡኝ 'ጋራም፣ ያዝ' ነው ያሉኝ። እኔ ጋራም አይደለሁም። ቁመታችን ነው መሰለኝ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚሉኝ። ማሰሪያዬን ሲያስሩም፣ ቦርሳዬን ሲዘጉም።"

ምክትሏ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"አንተስ ምን ትላቸዋለህ?" አለ መምህር ጉክ። ድምፁ ወርዷል።

"አቤት እላለሁ።"

"ስሜ አይደለም አትልም?"

ልጁ ነውር እንዲሠራ የታዘዘ ይመስል አየው። "ሦስተኛ ዓመት እኮ ናቸው መምህር። ታላቅን ተሳስተሃል ይባላል እንዴ?"

እናቴ ወንበሯን ወደ ፊት ሳበች። "ልጁን አንድ ነገር ልጠይቀው?" አለች። ፈቀዱላት።

"ልጄ፣ ሲጠራህ ይጮኽብሃል?"

"አይ እትዬ። ቀስ ብለው ነው።"

"ጥሩ" አለች።

ከዚያ ተነስታ ወደ እሱ ሄደች። ኮሌታው ዛሬም ጠማማ ነበር፤ ያን ቀን እኔ በያዝኩት በኩል። እሷ አስተካከለችው። ሽታውን ረስታ በሁለት እጇ።

ውሳኔው ሐሙስ ይነገራል ተባልን።

ልጁ እየዋሸ ይሆን? ለምን ይዋሻል? እኔ አላስታውስም። አንዱንም አላስታውስም። ይህን ደብተር ወደ ኋላ ገልጬ ላነበው ፈለግኩ፤ ተውኩት።

በአውቶቡስ ስንመለስ እናቴ "እርቦሃል?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ጣቢያው ጋ ወርደን ትኩስ የዓሣ ኬክ፣ የተፈጨ ዓሣ ጥፍጥፍ፣ በሾርባው በላን። ሁለታችንም ያለቀሰ ሰው አንመስልም ነበር። ሾርባው እንፋሎት አለው፤ ማንም አይለይም።

ጁን 26፣ ሐሙስ

አይዛወርም አሉ። ቴዩልን ይቅርታ መጠየቅ፣ የታችኛውን ኮሪደር እስከ ዕረፍት ድረስ ማጽዳት፣ አማካሪዋ ጋ መቀጠል።

የታችኛውን ኮሪደር ማን መረጠው? አንደኛ ዓመቶቹ ያሉበት ነው። መምህርት ባንግን ጠየቅኳት። "መምህር ጉክ ነው ያቀረበው" አለች። አላመንኳትም። ጆሮዋ ግን አልቀላም።

ቴዩልን ይቅርታ ጠየቅኩት።

"ሴቶቹ ጠባሳው ያምርብሃል እያሉኝ ነው" አለ። "ሌላኛውን ቅንድብ እንዳታስበው ብቻ።"

አባቴ ዴጆን ደውሎ አጎቴን "ለጊዜው ይቆይ" ሲለው ሰማሁ። ሦስታችንም አንድ ላይ እራት በላን። እናቴ በሩን አልከፈተችውም። ካርቶንም አልገባም።

ጁን 27፣ አርብ

መጥረጊያ ይዤ ታችኛው ኮሪደር ቆሜ ነበር። አንደኛ ዓመቶቹ እየገቡ እጅ ይነሱኛል። አንዳንዶቹ ጥግ ይዘው ይንሾካሾካሉ። ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። ወይም አላውቅም።

ልጁ መጣ። እኔ ገና አፌን ስከፍት ቆመ።

"አቤት ጋሼ።"

ምንም አልጠራሁትም ነበር። ልጠራው ግን ነበር፤ ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሷል። ዋጥኩት።

"ስምህ ማን ነው?"

ግራና ቀኝ አየ። መምህር ጉክ የሆነ ቦታ ተደብቆ የሚሰማ መስሎት ይሆናል። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እንደዚያ ነበር የማስበው።

"የእኔ ስም ነው ጋሼ?"

"የራስህ።"

"ፒዮ ኢያን።"

"ኢያን" አልኩት።

ሌላ ሰው የተጠራ ይመስል ወደ ኋላው ዞር ሊል ዳዳው፤ ከዚያ ነቃ አለ። ትንሽ ዘግይቶ ነው አቤት ያለው።